መውደቅ ያስተማሩን ሰው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከቤት የምወጣው ለገበያና ለለቅሶ ነው። ባለፈው ዓመት ግን አንድ የማርሻል አርት ክለብ የክብር እንግዳ ይሁኑልን ብሎ ስለጠራኝ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። የጅማ ልጆች ናቸው፣ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አዳራሹ በፊኛ አጊጧል፣ የድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል፣ ልጆቹ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል። አንድ ክረምት ተምረው ጥቁር ቀበቶ ሊታጠቁ ነው። አንድ ክረምት! አሰልጣኛቸው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ መውደቅ አስተምረሃቸዋል?» አልኩት።

ሳቀ። «እትዬ፣ እኛ የምናስተምረው ማሸነፍ ነው» አለኝና ወደ ጓደኛው ዞሮ ያልኩትን ነገረው። አብረው ሳቁ።

ብዙም ሳይቆይ አንዱ ልጅ ዘሎ ሲራገጥ ሚዛኑን ሳተና በጀርባው ሄደ። ሁለት እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ በመዳፉ ነው መሬቱን የተቀበለው። ክንዱ አልተሰበረም፤ ዕድለኛ ነበር። ተሰብሳቢው አጨበጨበለት። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። በማይክራፎን «የክብር እንግዳችን ቀበቶውን እንዲያስታጥቁልን» እያሉ ሲጠሩኝ በሩ ላይ ደርሼ ነበር።

ይህን የምጽፈው በዚያ ንዴት ነው። ንዴቱ ግን የዚያን ቀን ብቻ አይደለም። በመዳፉ መሬት የተቀበለ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ማን እንዳደረገውም አውቃለሁ።

ጅማ የገባሁት በደርግ ጊዜ ነው። አሰላ ተወልጄ አድጌ፣ የስፖርት መምህርነት ኮርስ ጨርሼ፣ የመጀመሪያ ምደባዬ ጅማ ሆነ። ሥራዬ የቀበሌ ወጣቶችን መረብ ኳስ ማስተማርና በበዓል ቀን ማሰለፍ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይ፣ ለሽሮና ለማያልቀው መዋጮ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ስለሱ የምለው የለኝም። ጁዶን በስም እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አለቃዬ ጓድ መርዕድ ገና ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ጠርቶኝ፣ «አንድ ሽማግሌ ጁዶ የሚያስተምርበት አዳራሽ አለን። ከሱ ተማሪና ለሴቶቹ ታስተምሪያለሽ» ብሎ ላከኝ። ጓድ መርዕድን አንቱ የማልለው ረስቼ አይደለም። ሆን ብዬ ነው።

አዳራሹ ከአንድ ቡና ነጋዴ የተወረሰ መጋዘን ነበር። ቡናው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ግድግዳው አሁንም ቡና ቡና ይሸታል። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው እየጮኸ መደማመጥ አይቻልም፤ ጅማ ደግሞ ዝናቡን የምታውቁት ነው። በሩ ላይ ስደርስ አንድ አጭር፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ጎንበስ ብለው ወለሉን ይጠርጋሉ። ዘበኛው መስለውኝ፣ «አሰልጣኙ የሉም?» አልኩ።

«አሉ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጫማሽን አውልቂ። አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሪና አስቀምጪ።»

ጋሽ ጀማል ነበሩ። የሊሙ ሰው ናቸው። በንጉሡ ጊዜ በፖሊስነት ሲሠሩ ከአንድ የውጭ አገር አስተማሪ ጁዶ ተምረው፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፖሊሶችን አስተምረዋል። አብዮቱ ሲመጣ ከፖሊስ ሥራ አሰናበቷቸው፤ ሙያቸው ግን ስላስፈለገ በስፖርት በኩል ቀጠሯቸው። ጆሮዎቻቸው በምንጣፍ ተፋትገው ተፋትገው እንደ ደረቅ በርበሬ ተኮማትረዋል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ምንጣፋችን ጆንያ ነው። ጋሽ ጀማል ከቡና መፈልፈያ የሚጣለውን ገለባ በጋሪ ያስመጡና በጆንያ ያስሞላሉ፣ ጆንያዎቹን ጎን ለጎን ያስደረድሩና በላያቸው ሸራ ወጥረው ዙሪያውን በእንጨት ያስሩታል። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይመጣ ከጥግ እስከ ጥግ በእጃቸው እየዳበሱ ያዩታል። ገለባው የሸሸበት ቦታ ካለ ይሞላል። ጠጠር ካገኙ ይወጣል። ጥፍሩን ያልቆረጠ፣ እግሩን ያልታጠበ ሰው አይረግጠውም። «ቢስሚላህ» ብለው በቀኝ እግራቸው ይወጣሉ። ከዚያ ልምምድ ይጀመራል። ልምምዱ ደግሞ መውደቅ ነው።

መውደቅ ብቻ። ከቁጢጥ፣ ቀጥሎ ከጉልበት፣ ቀጥሎ ከቁም። አገጭ ወደ ደረት ይገባል፤ ዓይን ቀበቶው ቋጠሮ ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ጭንቅላት መሬት አይነካም። ክንድ ከጎን ትንሽ ራቅ ብሎ፣ መዳፍ ወደ ታች ሆኖ፣ ጀርባ መሬት በሚነካበት ቅጽበት ምንጣፉን ይመታል። ቀድሞ ከመታ ክርን ይሰበራል። ዘግይቶ ከመታ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር በሙሉ ይወጣል። እጅ በምንም ዓይነት ለመደገፍ ወደ ኋላ አይዘረጋም። ሰው ሲወድቅ ግን የመጀመሪያ ሥራው እጁን መዘርጋት ነው፤ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው ነገር ነው። ያንን ከሰውነት ለማስረሳት ነው ድግግሞሹ።

«አማስ» ይላሉ ጋሽ ጀማል። በኦሮምኛ እንደገና ማለት ነው። ወደቅን፣ ተነሳን። «አማስ።» ሲቆጡም አማስ ነው፣ ሲደሰቱም አማስ ነው። ጥሩ ወድቀሽ ከሆነ ድምፁ አንድ ሆኖ ይሰማል፤ ጀርባና ክንድ እኩል ሲመቱ፣ እንደሚዘጋ በር። መጥፎ ከሆነ ሁለት ድምፅ ይሆናል። ጀርባቸውን አዙረው ቆመው፣ በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ያን ክረምት በሙሉ ወደቅኩ። ገለባው ብናኝ አለው፤ ማታ አንገቴ ያሳክከኛል፣ ሳል ይይዘኛል። ትከሻዬ ጠቁሮ ነጠላ መሸከም ያቅተኝ ነበር። አንድ ቀን ተነስቼ ቀበቶዬን ፈታሁና፣ «ጋሽ ጀማል፣ መንግሥት እኔን የቀጠረኝ ለመውደቅ ነው?» አልኳቸው። መቼም የወጣት አፍ ነው።

አልተቆጡም። «አሁን ስትወድቂ እያሰብሽ ነው፤ ፊትሽ ላይ አየዋለሁ» አሉኝ። «አገጬን ልያዝ፣ እጄን ልያዝ እያልሽ ነው። ማሰቡን ስትተዪው ሌላውን አስተምርሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«መቼ ነው የምተወው?»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። ቀበቶሽን እሠሪ።»

ቀበቶዬን አሠርኩ።

የገባኝ ሊሙ ገነት መንገድ ላይ ነው። እዚያ የመረብ ኳስ ቡድን እንዳቋቁም ተልኬ ስመለስ፣ እንደዚያን ጊዜው ወግ ቡና በጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያው አናት ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። ዘንቦ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። አንድ መታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማው ተንሸራቶ መኪናው ወደ ቦዩ ሲያጋድል፣ ከላይ የነበርነው በሙሉ ተወረወርን። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ነጋዴ እጁን ዘርግቶ ወደቀ። አንጓው ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። እኔ እንዴት እንደወደቅኩ አላውቅም። የማውቀው ጭቃው ላይ በጎኔ ተጋድሜ፣ አገጬ ደረቴ ላይ ተጣብቆ፣ ቀኝ ክንዴ መሬቱን መትቶ እንደተዘረጋ ነው። ተነስቼ ቀሚሴን አራገፍኩ። የነጋዴውን እጅ በነጠላዬ አሠርኩለት።

በማግስቱ ለጋሽ ጀማል በደስታ ስነግራቸው፣ «አልሀምዱሊላህ» አሉና ትንሽ አሰቡ። «በየትኛው ጎንሽ ነው የወደቅሽው?»

«በቀኝ።»

«ግራሽ ገና ነው። ዛሬ በግራ እንጀምር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ሉባባ የመጣችው በሁለተኛው ዓመቴ ላይ ነው። አባቷ ኦቦ ሁሴን በቾ ቦሬ ሰፈር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የልምምድ ልብሳችንን ከድርብ አቡጀዴ የሚሰፉልን እሳቸው ነበሩ። እሷም ከአባቷ ጎን ሌላ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ትሠራለች። የተሰፋውን ይዛ መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ ስናሠለጥን አየችና በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ፈጣን ናት፤ ነገር ቶሎ ይገባታል። በዚያው ልክ ትዕግሥት የላትም። ኦቦ ሁሴን ራሳቸው መጥተው፣ «ጀማል፣ የዚች ልጅ እጅ የቤታችን እንጀራ ነው። ለአንተ አደራ» ሲሉ አጠገባቸው ነበርኩ። ጋሽ ጀማል የቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አደራውን ተቀበሉ።

«ጋሽ ጀማል፣ ሰው የምጥለው መቼ ነው?» ትላቸዋለች በየሳምንቱ።

«መጀመሪያ ስትጣዪ እንይሽ።»

«ይኸው ስወድቅ ከረምኩ!»

«ስትወድቂ ነው ያየሁሽ። ስትጣዪ አላየሁሽም። ራስሽ መውደቅና ሰው ሲጥልሽ መውደቅ አንድ አይደለም። ሌላ ክረምት ይቀርሻል።» ከዚያም ያቺው ቃል። ሉባባ አፏን ታሞጠሙጥና ትወድቃለች።

ያን ዓመት ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ጓድ መርዕድ ሁለት ካድሬዎች አስከትሎ አዳራሹ ድረስ መጣ። ጫማውን እንዲያወልቅ ስንጠይቀው ሰው እንደሰደበው ሆኖ አየን፤ ምንጣፉ ዳር ከነጫማው ቆመ። ልጆቹ እየወደቁ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሰዓቱን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ልምምድ ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ጀማል።

«ሲወድቁ ብቻ ነው የማየው። በመጣሁ ቁጥር ይወድቃሉ። አብዮታዊ ወጣት ይወድቃል እንዴ? እኔ ለስታዲየም የምፈልገው ጠላት ሲጣል የሚያሳይ ትርኢት ነው። ከፍ ብሎ፣ ሕዝቡ የሚያየው።»

«እነዚህ ልጆች ከቁም ሊጣሉ ገና ናቸው» አሉ ጋሽ ጀማል በተለመደው ድምፃቸው። «ሰው ሁሉ ይወድቃል፣ ጓድ። እርስዎም አንድ ቀን ይወድቃሉ። ያን ቀን እንዳይጎዱ ነው የሚማሩት።»

ጋሽ ጀማል ያሰቡት ደረጃ ላይ ስለሚያዳልጠው፣ ጭቃ ላይ ስለሚንሸራተተው ሰው ነው። በሕይወታቸው ስለ ሌላ ዓይነት መውደቅ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ካድሬዎቹ ግን ተያዩ። ጓድ መርዕድም ፈገግ አለ። የዚያን ዓይነት ፈገግታ ያኔ የነበረ ሰው ያውቀዋል።

ሳምንት አልሞላም፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከነጠመንጃቸው መጡ። ልምምድ ላይ ነበርን። ጋሽ ጀማል የጀመርነውን ዙር እስክንጨርስ ቆሙና ጫማቸውን አደረጉ። ሉባባ በሩ ድረስ ተከትላ፣ «ጋሽ ጀማል፣ ምን አጠፉ?» ብላ ጮኸች። እሳቸው ዞረው ያሏት፣ «ሸራው ላልቷል፤ ሳትወጥሩት እንዳትወጡበት» ብቻ ነው። «የመንግሥትን መውደቅ ሰብኳል» ተብሎ ነው የታሰሩት። ስለ አገጭና ስለ ክንድ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው!

በቦታቸው አንድ አሰልጣኝ ከሌላ ከተማ መጣልን። ስሙን አላነሳም፤ እሱም ታዞ ነው የመጣው። ይህ ሰው በመጀመሪያው ቀን የመውደቅ ልምምዱን አስቀረው። ጠዋቱን ሁሉ በሰልፍ መቆም፣ መፈክር ማሰማት፣ የሸክላ ጡብ በእጅ መስበር ሆነ። ጡቦቹ አስቀድመው የተሰነጠቁ ነበሩ። ሉባባ ደግሞ ቁመቷም መልኳም ያምራልና ለትልቁ ትርኢት ተመረጠች። በጠላት አምሳል የወታደር ቆብ አድርጋ ትመጣለች፤ አንድ ጎረምሳ በትከሻው ላይ አሳልፎ ይጥላታል። እሷ በመመረጧ ደስ ብሏት ነበር። ማን ይፈርድባታል? ስትወድቅ የከረመች ወጣት ናት፤ በመጨረሻ ሕዝብ ፊት ልትወጣ ነው።

ጓድ መርዕድ ቢሮ ሄድኩ።

«ልጅቷ ለዚህ አልደረሰችም። የሚጥላትም ልጅ እጅጌዋን ይዞ ማቆየት አያውቅም። ጣይ የሚጥለውን ሰው እጅጌ ወደ ላይ ስቦ ካልያዘ ተጣዩ በትከሻው ነው የሚተከለው። እሱ ይለቃታል፣ እሷም እጇን ትዘረጋለች» አልኩት።

«ከሽማግሌው ጋር ብዙ ቆይተሻል» አለኝ። «ፍርሃቱ ተጋብቶብሻል።»

«ቢያንስ ጆንያውን ስታዲየም እንውሰደው።»

«እንግዶች ፊት የቡና ጆንያ? ጣውላ ይነጠፋል፤ ቀይ ጨርቅ ይለብሳል።»

በበዓሉ ቀን ጣውላ ተነጠፈ፣ ቀይ ጨርቅም ለበሰ። ከትሪቡኑ ሥር ከመረብ ኳስ ልጆቼ ጋር ተሰልፌ ነበር። የማርሽ ባንዱ ይጫወታል። ሉባባ ቆቧን አድርጋ ወጣች፤ ሕዝቡ ሳቀላት፣ እሷም ሳቀች። ጎረምሳው ያዛት፣ ጎንበስ አለ፣ በትከሻው ላይ አሳለፋት። አናቱ ላይ ስትደርስ ለቀቃት። ልቀቃት ብሎ ያስተማረው ማን ነው? ያዛት ብሎ ያስተማረውስ ማን ነበር? አየር ላይ ሳለች ቀኝ እጇ ሲዘረጋ አየሁ። አፌን ከፍቼ ጮኬ ነበር፤ በማርሹ ድምፅ ማን ይሰማኛል።

ክርኗ ወዳልታዘዘበት ዞረ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ማርሹ አልቆመም። በድምፅ ማጉያው «ጠላት እንዲህ ይደቆሳል!» ተባለ፤ ስታዲየሙ አጨበጨበ። ትርኢቱ መስሏቸው ነው። ሁለት ልጆች ጎትተው ከባንዲራው ጀርባ ወሰዷት። እኔ ስደርስ ፊቷ እንደ ስታዲየሙ ግንብ ነጥቷል፤ አላለቀሰችም። «እትዬ፣ ዘረጋሁት» አለችኝ። «አትዘርጊ እያሉኝ ዘረጋሁት።» በዚያ ሕመም ውስጥ ሆና ራሷን ትወቅስ ነበር። እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ያጠፋችው እሷ መሰላት።

ኦቦ ሁሴን ሆስፒታል መጥተው በጄሶ የታሸገውን ክንድ አዩ። ጋሽ ጀማል የት ናቸው ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤ እስር ቤት መሆናቸውን ስነግራቸው ተቀመጡና ዓይናቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። አጥንቱ ገጠመ፤ ክንዱ ግን ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አያውቅም።

ከበዓሉ በኋላ የግምገማ ስብሰባ ተጠራ። የተጻፈው ሪፖርት አደጋው በሠልጣኟ ጥንቃቄ ጉድለት እንደደረሰ ይላል። ጓድ መርዕድ አነበበውና፣ «ጓድ ዘነበች ልጅቷን ለረጅም ጊዜ ያሠለጠነች እንደመሆኗ ግለ ሂሷን ታቅርብ» አለ። ተነሳሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረም። ደጋግሜ ያልሠራሁት ነገር ነዋ፣ ስብሰባ ላይ መናገር! ደጋግሜ የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ጫማዬን አወለቅኩ። ሹራቤን አውልቄ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩና ወደ መሐል ወጣሁ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ራሴን ወደ ኋላ ለቀቅኩት። አንድ ድምፅ ብቻ ነው የተሰማው። አንዲት የሴቶች ማኅበር ሴት «በስመ አብ!» ብላ ጮኸች። ተነሳሁ። ክንዴ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

«ጋሽ ጀማል ያስተማሩን ይኼን ነው» አልኩ። «ሉባባ ይኼን እየተማረች ነበር። ልትጨርስ ስትል አስቆማችኋት። አስተማሪዋን አሰራችሁ፣ ጆንያውን አፍራችሁበት ጣውላ አነጠፋችሁላት። ጥንቃቄ የጎደለው ማን ነው? ከእናንተ ውስጥ እዚህ ወለል ላይ የሚወድቅልኝ ካለ ይምጣና ግለ ሂሴን ያኔ አቀርባለሁ።»

ማንም አልተነሳም። ጓድ መርዕድ ወረቀቱን አጠፈና «ስሜታዊ ሆነሻል፤ ቁጭ በይ» አለ። አልተቀመጥኩም፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ሪፖርቱ ግን እንደተጻፈ ቀረ። ያን ቀን የረታሁ እንዳይመስላችሁ። በወሩ ወደ ደዶ ወረዳ ተዛወርኩ፤ ዝውውር ተባለ እንጂ ቅጣት ነው። አዳራሹ ተመልሶ መጋዘን ሆነ።

ጋሽ ጀማልን በሚቀጥለው ዓመት ለቀቋቸው። አዳራሹ መጋዘን ባይሆን እንኳ እንዳያሠለጥኑ ታግደዋል። ከስተው፣ አንድ ጆሯቸው መስማት አቁሞ ነው የወጡት። በወጡበት ቀን የኦቦ ሁሴን ቤት ሄደው፣ «አደራህን አልጠበቅኩም» አሏቸው። ኦቦ ሁሴን አቅፈዋቸው አለቀሱ። ከዚያ ጋሽ ጀማል ሉባባን ጠርተው ክንዷን ያዙና፣ እስከየት እንደሚታጠፍ እስከየት እንደሚዘረጋ በዝግታ እያንቀሳቀሱ አዩት። «ይኼ ክንድ መምታት አይችልም። በግራ እንሠራለን» አሏት። አባቷ ሊከለክሏት ይችሉ ነበር። አልከለከሏትም። በኦቦ ሁሴን ጓሮ ሁለት ጆንያ ተነጠፈ። ሉባባ ከዜሮ ጀመረች፤ ከቁጢጥ፣ ከጉልበት፣ ከቁም። በዚያው ጊዜ የልብስ ስፌት መኪናውንም በግራ እጇ ጨርቅ እየገፋች እንደገና ተማረችው።

ጋሽ ጀማል ለብዙ ዓመታት አልቆዩም። የሞቱ ቀን መንግሥት የላከው ሰው አልነበረም፤ አበባም፣ ሽልማትም፣ የምስጋና ቃልም አልመጣም። ሬሳቸውን የተሸከሙት ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው። እኔ ከደዶ ስደርስ ተቀብረው ነበር።

ደዶ ላይ ሰው አያየኝም ብዬ በራሴ ጊዜ ቡድን አቋቋምኩ። የተሰጠኝ አንድ ባዶ ክፍል ነው፤ ገለባ ግን የትም አለ። ሉባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጅማ በጭነት መኪና እየመጣች ሴቶቹን ታስተምርልኝ ነበር። የጆንያዎቹን ሸራ የሰፋችው እሷ ናት። ከኔ ይልቅ ጥብቅ ነች፤ ለአንዲት ልጅ አንድ ክረምት በቂ ነው ስላት፣ «እትዬ፣ አይበቃም» ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ላንድሮቨር ቆመ። ጓድ መርዕድ ነው። ሹመቱ ጨምሯል፣ ወፍሯል፤ ወረዳውን ሊጎበኝ መጥቶ ነው። ልጆቹ እየወደቁ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አየ።

«ጎበዞች!» አለ። «ዘነበች፣ አሁንም በዚህ ነገር ላይ ነሽ? ለበዓሉ ትርኢት የሚያሳዩ ልጆች ታገኚልኛለሽ?»

«ትርኢት የሚያሳይ የለንም» አለች ሉባባ። ከምንጣፉ ወርዳ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ወደሷ ዞረ። ከላይ እስከ ታች አያት። አሁን ያውቃታል አልኩ። ዓይኑ የታጠፈው ክንዷ ላይ አረፈ።

«ምን ሆነሽ ነው እጅሽን?» አላት።

አላወቃትም። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት ያስጣላትን ልጅ፣ በሪፖርት ጥፋተኛ ያደረጋትን ልጅ፣ ፊት ለፊት ቆሞ አላወቃትም።

«ወድቄ ነው፣ ጓድ» አለችው ሉባባ።

«አይዞሽ። ሌላ ጊዜ ተጠንቀቂ» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ሄደ።

ላንድሮቨሩ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆምኩ። «ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት። መጮኼ ራሴን አስደነገጠኝ። «ለምን ዝም አልሽ? እኔ ልንገረው፣ ልከተለው!»

«ምን ሊያደርግልኝ፣ እትዬ?» አለችኝ። ወደ ልጆቹ እያየች ነበር። «ቆመው ሰውነታቸው ቀዘቀዘ።»

ቀበቶዋን አጠበቀች። እግሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ጆንያው ላይ ወጣች፣ በሰልፉ ፊት ቆመች፣ በግራ ጎኗም ወደቀች። አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ልጆቹ ተከተሏት።